በእግር ባይፓስ፦ የራስ ደም መልስ ወይስ ሰው ሠራሽ ቱቦ?

ወደ እግር ደም የሚያወርደው ደም ቅዳ ቧንቧ ሲደፈን፣ ከተደፈነው በላይና በታች ያለው ክፍት ቦታ በሌላ ቱቦ ይገናኛል፤ ባይፓስ የሚባለው ይህ ነው። ቱቦው ወይ ከታማሚው ገላ የሚወሰድ ደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልስ ሥር) ነው፣ ወይ ፒ.ቲ.ኤፍ.ኢ. አለዚያም ዳክሮን ከሚባል ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ኩንሊን እ.ኤ.አ. በ1948 በደም መልስ የጀመረው መንገድ ዛሬም ቀዳሚው ምርጫ ነው።

ዋናው ጥያቄ የታችኛው ስፌት የት ያርፋል የሚለው ነው። ከጉልበት በላይ ከሆነ ሰው ሠራሹም ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ወደ ባት ቀጫጭን ቧንቧዎች ሲወረድ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፦ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ንጽጽር፣ ከ4 ዓመት በኋላ ክፍት የቀረው ደም መልስ 49 በመቶ፣ ፒ.ቲ.ኤፍ.ኢ. 12 በመቶ ነበር። ደም መልስ ውስጡ መርጋትን በሚከላከሉ ሕያው ሴሎች ተሸፍኗል፤ ፕላስቲኩ ይህ የለውም። በዚያ ላይ ግትሩ ቱቦ ከለስላሳው ቧንቧ በሚጋጠምበት ስፌት ላይ ሥጋ እየወፈረ መተላለፊያውን ያጠብበዋል።

ስለዚህ ከጉልበት በታች ለሚወርድ ባይፓስ ደም መልስ በደንብ ሳይፈለግ «የለም» አይባልም። ከቁርጭምጭሚት የውስጥ ጎን እስከ ብሽሽት የሚዘልቀው ሳፊነስ የተባለው ደም መልስ በአልትራሳውንድ ከዳር እስከ ዳር ይለካል፤ እግሩ ይሞቃል፣ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ሥሩ እንዲሞላ። ከ3 ሚሊሜትር በታች የጠበበ ወይም ግድግዳው የደነደነ አያስተማምንም። ቀደም ሲል ለልብ ቀዶ ሕክምና ተወስዶ ከሆነ፣ የሌላው እግር፣ ከባት ኋላ ያለው አጭሩ ሳፊነስ፣ የክንድም ይታያል። የእነዚህን ታማሚዎች ክንድ በመርፌ ከመውጋት መቆጠብና በእጅ ጀርባ መጠቀም የሚገባው ለዚህ ነው። «ደም መልሱን ለልብ እናቆየው» የሚለው ምክንያት ግን ደካማ ነው፤ ዛሬ አደጋ ላይ ያለው እግሩ ነው።

በደም መልስ ውስጥ ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ ቫልቮች አሉ። ስለዚህ ተገልብጦ የቁርጭምጭሚቱ ጫፍ ከላይ ይሰፋል፤ ወይም ከቦታው ሳይነሣ ቫልቮቹ በትንሽ ምላጭ ይቆረጣሉ። ቅርንጫፎቹ ከግድግዳው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ርቀው ይታሰራሉ፤ ተጠግተው ከታሰሩ ሥሩን ያጠብባሉ። በፈሳሽ ሲሞላ በኃይል ከተነፋ ውስጡ ይላጣል። ሳይጠመዘዝ እንዲያልፍም ፊቱ ላይ በቀለም መስመር ይሰመራል። በመጀመሪያው ወር የሚደፈን ብዙውን ጊዜ በጥምዘት፣ ባልተቆረጠ ቫልቭ ወይም በስፌት ጉድለት ነው።

ሰው ሠራሹ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ቀዶ ሕክምናውን ያሳጥራል፤ ደም መልስ ለማውጣት የሚቆረጠውን ረጅም ቁስልም ያስቀራል። ከጉልበት በታች የግድ ከሆነ በታችኛው ጫፍ ትንሽ የደም መልስ ቁራጭ ይሰፋበታል። ትልቁ ፍርሃት ኢንፌክሽን ነው፤ በተለይ ብሽሽት ላይ ከተበከለ ብዙውን ጊዜ ቱቦው መውጣት አለበት።

አስፕሪን ለሁለቱም የተለመደ ነው። ደም መልስ የተሰፋለት በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ሳይደፈን የተደረሰበት መጥበብ ይስተካከላል፣ የተደፈነው ግን ብዙም አይመለስም። እግሩ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ታማሚው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።