አዲስ የሰርቨር ሶፍትዌር ስለመሞከር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማኔጅድ ሆስቲንግ የሚሰጥ ድርጅት ሰርቨር አከራይቶ ዞር አይልም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ፒኤችፒውን (ብዙ ድረ ገጾች የሚጻፉበትን የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ዳታቤዙን (የመረጃ ቋቱን) የሚያድሰው እሱ ነው። ደንበኛው የሚጨነቀው ለድረ ገጹ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ግን ሰርቨሩ ላይ የሚሠራውን ኮድ ድርጅቱ አለመጻፉ ነው። የጻፈው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል። የሙከራው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ስለሚዘነጋ ከደንበኞችም ከባለሙያዎችም አንዳንድ የተሳሳቱ አባባሎች ይሰማሉ።

«ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ሞክረውታል፣ እናንተ ደግሞ ምን ትሞክራላችሁ?»

እነሱ የሞከሩት ሶፍትዌሩ እንደታሰበው መሥራቱን ነው። የእናንተ ድረ ገጽ ላይ ሲጫን ምን እንደሚፈጠር ሊያውቁ አይችሉም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የወጣውን ፒኤችፒ 8 እንይ። በፒኤችፒ 7 ዜሮ ቁጥርን «ሰላም» ከሚል ጽሑፍ ጋር በሁለት የእኩል ምልክት ብታነጻጽሩ «እኩል ናቸው» የሚል መልስ ታገኙ ነበር። በፒኤችፒ 8 መልሱ «አይደሉም» ሆነ። ለውጡ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን የድሮውን ጸባይ ተማምኖ ዋጋ የሚያሰላ ወይም ፈቃድ የሚያጣራ ኮድ ካለ፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ ሌላ ውጤት መስጠት ይጀምራል። ገጹ ይከፈታል። ሎጉ (የሰርቨሩ የክንውን መዝገብ) ላይም ምንም የለም። ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ብልሽት ይሄኛው ነው፤ ጮሆ የሚወድቅ ሶፍትዌር ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ 8.0 ለምሳሌ «ራንክ» እና «ግሩፕስ» የሚሉትን ቃላት ለራሱ ትእዛዞች ያዛቸው። በእነዚህ ስሞች የተሰየመ ሰንጠረዥ ወይም ዓምድ የነበረው ሁሉ፣ ስሙን በጥቅስ ምልክት ካልከለለው፣ ለዳታቤዙ የሚልከው ጥያቄ ወዲያው ስህተት ይሰጠዋል።

«የፊት ገጹ ከተከፈተ አልፏል ማለት ነው»

የፊት ገጹ እኮ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከካሽ፣ ማለትም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ቅጂ ነው። አዲሱን ሶፍትዌር ጨርሶ ሳይነካ ሊከፈት ይችላል። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሲገባ፣ ፎርም ሲሞላ፣ ፋይል ሲጫን፣ ክፍያ ሲፈጸም። በወር አንዴ ሌሊት ላይ በክሮን (ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳው የሪፖርት ሥራ ደግሞ አለ፤ እሱን ማንም አያስታውሰውም።

ጥሩ ሙከራ ምን ይመስላል? የድረ ገጹን ቅጂ ሁለት ቦታ ታስቀምጣላችሁ፤ አንዱን በድሮው ቨርዥን፣ ሌላውን በአዲሱ። ከዚያ ከእውነተኛው ሎግ የተወሰዱ የጎብኚዎች ጥያቄዎችን ለሁለቱም ትልካላችሁ። የመልሱን ኮድ፣ መጠኑን፣ የፈጀውን ጊዜ ጎን ለጎን ታያላችሁ። መጠኑ ድንገት ያነሰ ገጽ ካለ እሱ ላይ ቁሙ፤ ስህተት የማያሳይ ባዶ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ቅጂው ከመነሳቱ በፊት ግን ኢሜይል መላኪያው መዘጋት አለበት። ክሮኑ ይጥፋ፣ የክፍያ ቁልፎቹ ወደ መሞከሪያ ቁልፎች ይቀየሩ። አለበለዚያ ቅጂው ለእውነተኛ ሰዎች ደረሰኝ ይልካል፣ ከእውነተኛ ካርድም ገንዘብ ይቆርጣል። የሰዎች የግል መረጃም ወደ ቅጂው እንዳለ መገልበጥ የለበትም። ይህን ቸል የሚል ሞካሪ ደንበኛውን ከብልሽቱ በላይ ሊጎዳው ይችላል።

«ባክአፕ ካለ እዳው ገብስ ነው»

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) መኖሩ የሚታወቀው ተመልሶ ሲነሳ ብቻ ነው። የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ጊትላብ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ በይፋ ተናግሯል። አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚያወጣው መሣሪያ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ 9.2 ቨርዥን ነበር፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6። ስለማይጣጣሙ ሥራው እየከሸፈ ኖሯል። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ተቀባይ አላገኙም። ከአደጋው ስድስት ሰዓታት ገደማ ቀደም ብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ በመገኘቱ ነው የተረፉት፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው መረጃ ግን ጠፋ።

ስለዚህ አዲስ ዳታቤዝ ሲሞከር የባክአፕ መሣሪያውም አብሮ ይሞከራል። ሌላም ነገር አለ። ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ወደ 8.0 አንዴ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ መመለስን አይደግፍም። ያለው አማራጭ የድሮውን ባክአፕ ማንሳት ነው። እሱን ስታነሱ ደግሞ በመሃል የገቡት የገዢዎች ትእዛዞች ይጠፋሉ። መመለሻው ምን እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቻል ከማለፉ በፊት ይጻፍ።

«ትንሽ አፕዴት ናት፣ በአንዴ ለሁሉም ትሂድ»

ድረ ገጾችን የሚያፋጥንና ከጥቃት የሚከላከል ክላውድፍሌር የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2 ቀን 2019 በመላው ዓለም ሰርቨሮቹ ላይ በአንዴ ያሰማራት አንዲት የፋየርዎል (የጥቃት መከላከያ) ደንብ ሲፒዩውን (የሰርቨሮቹን ማቀነባበሪያ) ሙሉ በሙሉ ያዘችው። አገልግሎቱ ለግማሽ ሰዓት ገደማ ተሽመደመደ። ትንሽነት ዋስትና አይሆንም። መጀመሪያ የሆስቲንግ ድርጅቱ የራሱ ሰርቨሮች፣ ቀጥሎ ጥቂት ደንበኞች፣ ከዚያ የሌሊቱ ባክአፕና የክሮን ሥራዎች እስኪያልፉ መጠበቅ ነው።

«የቨርዥን ቁጥሩ አሮጌ ከሆነ ሰርቨሩ የደህንነት ቀዳዳ አለው»

የግድ አይደለም። ሬድ ሃት እና ዴቢያንን የመሳሰሉ የሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስርጭቶች የደህንነት ጥገናውን ወስደው በአሮጌው ቁጥር ላይ ይለጥፉታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ሬድ ሃት 6 ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል (ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ሶፍትዌር) ከተጠገነ በኋላም 1.0.1ኢ ተብሎ ቀጥሏል። በዕድሜ የሚበልጠው 0.9.8 ደግሞ ቀዳዳው ከነጭራሹ አልነበረበትም። የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ ሳያዩ በቁጥር ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

ይህ ማለት ግን መዘግየት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ድጋፉ ያበቃ ሶፍትዌር ጥገና የሚለጥፍለት ካላገኘ በእርግጥ አደጋ ነው። እየተጠቁበት ያለ ቀዳዳ ሲገኝም ሳምንት የሚፈጅ ሙከራ አይታሰብም። ያኔ ሙከራው በሰዓታት ማለቅ አለበት። ይህ የሚቻለው ቅጂዎቹ፣ የጥያቄዎቹ ስብስብና መመለሻው አስቀድመው ከተዘጋጁ ብቻ ነው።