የምጥ ክፍል ጭንቅ በጎጃም፤ የእናቲቱም፣ የአዋላጇም

ጎጃም ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ሁለት ነገር ደጋግማ ትሰማለች። አንዱ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ነው፤ ይሄ ከእናቷና ከጎረቤት ይመጣል። ሌላው «ቻይው» ነው፤ ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአዋላጇ ነው። የሚገርመው አዋላጇ ራሷ ክፉ ሌሊት አሳልፋ ስትወጣ ከባልደረቦቿ የምትሰማው ያንኑ «ቻይው» መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ መቻል ምስጋና ነው። «ቻይ ናት» የተባለች ሴት ተከበረች ማለት ነው። ምን እንደቻለች ግን ጠያቂ የላትም።

በጤናው ሙያ ይህን የሚነካ አሠራር አለ። የሥነ ልቦና ጉዳትን ያገናዘበ እንክብካቤ ይባላል። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። አልጋው ላይ የተኛችው ሴት ከዚህ በፊት ምን እንደደረሰባት አታውቂም። ደርሶባት ሊሆን ይችላል ብለሽ ንኪያት፣ እንደዚያው ብለሽ አናግሪያት። የአሜሪካው የሱስና የአእምሮ ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሰነድ ነገሩን በአራት ከፍሎታል፤ ጉዳት ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ መረዳት፣ ምልክቱን መለየት፣ አሠራርን በዚያ መሠረት ማስተካከል፣ የዳነውን ቁስል መልሶ አለመቀስቀስ። እዚያው ላይ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፍ ቃል አለ። ምልክቱ የሚፈለገው በታካሚዋ ላይ ብቻ ሳይሆን በሠራተኛዋም ላይ ነው።

በአገራችን የማዋለጃ ክፍል ሥራ በዋናነት የሚድዋይፎች ነው። «አዋላጅ ነርስ» ይባላሉ። ሕዝቡ ግን ሴቷን «ሲስተር»፣ ወንዱን «ዶክተር» ብሎ ይገላገላል።

ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ

ጎጃም ሲባል ዓባይ ዞሮ የከበበው አገር ነው። ዛሬ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ሰሜን ጎጃም፣ አዊ እና ባሕር ዳር ከተማ ተብሎ ተከፍሏል። የጤናው ሰንሰለት ከቀበሌ ጤና ኬላ ይነሣና በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አልፎ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፤ ወይም ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን። በወረቀት ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ጮቄ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ተራራ ነው፤ ከሥሩ ካሉት ቀበሌዎች አስፋልት እስኪገኝ የመጀመሪያው አምቡላንስ የጎረቤት ትከሻና ቃሬዛ ነው።

ድሮ የሚወለደው ቤት ነበር። የልምድ አዋላጅ ትጠራለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ የወረዳ አምቡላንስ መጣ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተሠራ። «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነጻ ቀበሌ» የሚል ዘመቻ ታወጀ። በመንግሥት ተቋም መውለድ ነጻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደረሱ። ያው የ2008ቱ ጥናት የእናቶችን ሞት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 412 ብሎ ገምቶት ነበር።

ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችው እናቲቱ ብቻዋን አይደለም፤ ሞቷም አብሮ መጥቷል። ድሮ አንዲት ሴት በምጥ ስትሞት ሐዘኑን መንደሩ ይካፈለው ነበር፤ «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ ይለቀሳል። ዛሬ ያው ሞት የሚወድቀው በአንዲት የ24 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ነው። ከኮሌጅ ከወጣች 2 ዓመት ያልሞላት፣ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ልጅ። መንደሩም «ምን አድርገሻት ነው?» ይላታል።

አልጋው ላይ ያለችው

ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል። አማራ ክልል ግን፣ ጎጃምም ጭምር፣ ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ካውቹ፣ ማለትም የማዋለጃው አልጋ ላይ የ16 ዓመት ልጅ መተኛቷ ብርቅ አይደለም። ወንድን ያወቀችው ሳትፈልግ ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ የማታውቀው ሰው ጓንት አጥልቆ «እግርሽን ክፈቺ» ይላታል።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ልጅቷ ጉልበቷን ትገጥማለች። ዐይኗ ጣሪያው ላይ ይቀራል። ሲጠሯት አትመልስም። ካርዷ ላይ «አልተባበር አለች» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዴም ጭኗ ላይ ጥፊ ያርፋል። ለአዋላጇ እልኸኝነት የመሰላት ሰውነት ሲፈራ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይደነዝዛል። ፍርሃት የሚረጨው አድሬናሊን ደግሞ ምጡን ራሱን ሊያዘገየው ይችላል። ጩኸቱና ጥፊው ለማፍጠን ታስቦ ሥራውን ያረዝመዋል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም። «እታለም፣ አሁን በጣቴ ላይሽ ነው፤ ሲያምሽ በይኝ፣ አቆማለሁ» ማለት። ስትል ደግሞ እውነትም ማቆም። በነጠላዋ ሸፈን ማድረግ። በሩን መዝጋት። አንዴ በቂ የሆነውን ምርመራ ተማሪ ሁሉ እንዲለማመድበት አለመደጋገም። እናቷን ማስገባት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ሴቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የምትወልድበትንም አቀማመጥ እንድትመርጥ ይመክራል። የገጠር ሴት ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ነው መውለድ የለመደችው። ጀርባዋ ላይ ተንጋልላ እግሯን መስቀል ለእሷ ባዕድ ነው፤ ሲበዛም ነውር።

ባህሉ ብዙውን ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ራስጌዋ ብረት ይቀመጣል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውንና ቡናውን ግቢያቸው ውስጥ ሲፈቅዱ ሴቶቹ የመጡት ለምግቡ ብለው አይደለም። ብቻቸውን ስላልሆኑ ነው።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የጎጃም ነገር ከብዷል። ጦርነቱ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ያጠፋል። ሪፈር የተባለች እናት ኬላ ላይ ልትቀር ትችላለች። በግጭት ጊዜ ጾታዊ ጥቃት ደርሶባት አርግዛ የመጣች ሴት ይህን በካርዷ ላይ አታስጽፍም፤ ለማንም አትናገርም። ሆድ ይፍጀው ብላ ትተኛለች። ሁሉንም ሴት «ደርሶባት ይሆናል» ብሎ መንካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተናግራ እስክታስረዳ መጠበቅ አይሠራም።

ካውቹ ጎን የቆመችው

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አዋላጇ ማኅፀኑን በእጇ ታሻለች፣ ማኅፀኑን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ትሰጣለች፣ ግሉኮስ ትከፍታለች፣ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ስልክ ይዛ አምቡላንስ ትጣራለች። ጤና ጣቢያ ደም የለም፣ ኦፕራሲዮን የለም። መብራት ከሄደ የስልኳ ባትሪ ነው ያላት። እናቲቱ ተረፈችም አልተረፈችም ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ነው። ካውቹ በበረኪና ይታጠባል፤ «ቀጣይዋ ትግባ» ይባላል። ከሞት እስከ ልደት 15 ደቂቃ ላይሞላ ይችላል። የደሙን ጠብታ ከቦት ጫማዋ ላይ ሳታጠፋ ለሌላዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች።

ይህ ምን ያደርጋል? አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ው እ.ኤ.አ. በ2000 «ሁለተኛ ተጎጂ» የሚል ስም አወጣለት። በስህተት ወይም በክፉ አጋጣሚ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ታካሚዋ ናት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ያከመቻት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ ከባድ ወሊድ ካጋጠማቸው 421 አዋላጆች ሦስተኛ የሚሆኑት የድኅረ አደጋ ጭንቀት ምልክት ነበራቸው። በሥራ ጫና መዛል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከአንድ ሌሊት አይመጣም፣ ከወራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል።

ምልክቱ በእኛ ክፍሎች እንዲህ ይታያል። የረጋውን ማኅፀን አሥር ጊዜ መንካት። ትንሽ ደም ባየች ቁጥር ሪፈር መጻፍ። የሌሊት ተራ ለመለዋወጥ መለማመጥ። እንቅልፍ ማጣት። መቆጣት። ይህ የመጨረሻው ሁሌም ይዘለላል። እናቶች ላይ የምትጮኸው አዋላጅ ክፉ ሆና ተፈጥራ ላይሆን ይችላል፤ የተጎዳች ልትሆን ትችላለች። ይህ ጥፊውን ይቅር አያስብልም። ጥፊው ከየት እንደመጣ ግን ያሳያል።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚል ትልቅ እቅድ ይዞ ነበር። ሥልጠናው ተሰጠ፣ ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጥሩ ነበር። እንደ እኔ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ርኅራኄን የጠባይ ጉዳይ አደረገው። ዲውቲ ወጥታ እንቅልፍ ያላየች፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ወራት የዘገየባት ልጅ ፖስተር አንብባ አትራራም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በአገር ደረጃ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ስለ እንጀራ ብቻ የመሰለው ሰው ነበር። የድካምም ጉዳይ ነው።

ሞት ሲመረመር

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ሞት ይመዘገባል፤ ኮሚቴ ተቀምጦ ለምን እንደሞተች ይመረምራል። ዓላማው መማር ነው። ስም አይጠራም፣ ወቀሳ የለም። ጉዳትን ያገናዘበ አሠራር ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ችግሩ ስብሰባው ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነበር ተረኛ?» ከሆነ መማሩ እዚያው አለቀ። ቀጣይዋ አዋላጅ ፓርቶግራፉን፣ የምጡ ሂደት የሚመዘገብበትን ቅጽ፣ እንዳየችው ሳይሆን እንደማያስጠይቃት አድርጋ መሙላት ትለምዳለች።

ከክፉ ወሊድ በኋላ የሚረዳው ትንሽ ነገር ነው። ለቤተሰብ መርዶውን ብቻዋን እንዳታረዳ ማድረግ። ለግማሽ ሰዓት ከክፍሉ ማውጣት። በሚቀጥለው ተራዋ ልምድ ያላት ሰው አብራት እንድትሆን መመደብ። ሳምንት ቆይቶ መጠየቅ። የሚገርመው፣ ሰውን አንዴ አስቀምጦ ሁሉን ዘርዝሪ ብሎ ማስገደድ የኋላ ጭንቀትን እንደማያስቀር ጥናቶች አሳይተዋል። ትናገር የምትለው ስትፈልግ ነው። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ግን በትንሽ ከተማ ማን እዚያ በር ላይ እንደቆመ ሁሉም ያያል፤ ካርዱን የሚያወጣው የሥራ ባልደረባ ነው። ብዙዎቹ ጸበል ይሄዳሉ፣ ለንስሐ አባት ይነግራሉ። ያ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ቢያንስ ለአንድ ሰው ተናግረዋል።

ሌላው መድኃኒት ቡና ነው። ጠዋት ተራ ከተረካከቡ በኋላ ተረኛ ክፍል ውስጥ በትንሽ ስቶቭ ይፈላል። አቦል ላይ የደመወዝ ወሬ ነው። ቶና ላይ የአለቃ ሐሜት። በረካው ላይ አንዷ ዝም ትልና «ያቺ የማታዋ ልጅ…» ብላ ትጀምራለች። ያኔ ስኒ የሚያጥበው እጅ ይቆማል።

ወንዶቹ ግን እዚያ የሉም። በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ብዙ ወንድ አዋላጆች አሉ፤ እናት እጃቸው ላይ ትሞታለች፣ ሕፃን ሳይተነፍስ ይቀራል። የቡናው ክፍል የሴቶች ነው ብለው ያስባሉ፤ ሴቶቹም እንደዚያው። ቱታቸውን ሰቅለው፣ ጃኬታቸውን ደርበው ወደ ኪራይ ቤታቸው ይሄዳሉ። «እንዴት አደርክ?» ሲባሉ «ሰላም ነው» ይላሉ።