የሪኳየርመንት ግጭት ምንድን ነው? ሎጂክስ ምን ያግዛል?

ደንበኛ ስለሚሠራለት ሶፍትዌር «እንዲህ ያድርግልኝ» ብሎ የሚያዘው ነገር ሪኳየርመንት ይባላል። ደንበኛ ደግሞ ሐሳቡን ይቀያይራል። አዲሱ ትእዛዝ ከድሮው ጋር መጣላቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ኮዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ትእዛዞቹን በፎርማል ሎጂክ፣ ማለትም ለሁለት ትርጉም በማይጋለጥ እንደ ሒሳብ ባለ ቋንቋ መጻፍ ጠቡን ቀድሞ ያወጣዋል።

ባሕር ዳር ላይ የጣና ጀልባ ትኬት የሚቆርጥ አፕ እየሠራን ነው እንበል። ደንበኛው ሦስት ነገር አዘዘ። የጠዋቱ ጉዞ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ይደርሳል። ትኬት የቆረጠ ሁሉ ጉዞው የሚደርስባቸውን ገዳማት በሙሉ ገብቶ ያያል። ትኬቱ ለወንድም ለሴትም ይሸጣል። ቆይቶ ደወለ፦ «ክብራን ሴት እንደማይገባ አልነገርኳችሁም እንዴ? ጨምሩበት።» እውነቱን ነው፤ እንጦስ ሴቶች ይገባሉ፣ ክብራን ግን አይገቡም።

አራቱም ለየብቻ ሲታዩ ጤነኛ ናቸው። ወደ ሎጂክ ቀይረን ለአሎይ ብንሰጠውስ? አሎይ ኤምአይቲ ውስጥ የተሠራ ሶፍትዌር ነው፤ እንዲህ ያሉ ትእዛዞችን እንደ ሕግ ወስዶ ሁሉም አብረው የሚከበሩበትን ምሳሌ ይፈልጋል። የሚገርመው፣ «ግጭት የለም» ሊለን ይችላል! ተሳፋሪው ሁሉ ወንድ የሆነበትን ቀን ያሳየናላ። በዚያ ቀን የተጣሰ ሕግ የለም። ሦስተኛው ሕግ መሸጥን ይፈቅዳል እንጂ ሴት ትገዛለች አይልም። ስለዚህ ጥያቄውን ማጥበቅ ያስፈልጋል፦ «ቢያንስ አንዲት ሴት የጠዋቱን ትኬት የቆረጠችበት ቀን አሳየኝ።» አሁን ማሳየት ያቅተዋል። እንዲያውም የትኞቹ ሕጎች እንደተጣሉ ነጥሎ ማውጣት ይችላል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ካልጠየቁት ዝም ይላል፤ በደንብ ከጠየቁት ግን አይዋሽም።

የትኛው ሕግ ይልቀቅ የሚለውን ግን ማሽኑ አይወስንም። በ1985 እ.ኤ.አ. አልቹሮን፣ ጋርደንፎሽና ማኪንሰን የሚባሉ ሦስት ምሁራን ለዚህ መሠረት የሆነ ንድፈ ሐሳብ አሳትመዋል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ አዲሱን ተቀበል፣ ከአሮጌው ግን ግድ የሆነውን ያህል ብቻ ጣል። የትኛው ይቅደም የሚለውን ደረጃ የምንሰጠው እኛ ነን።

የገዳሙ ሥርዓት በእኛ እጅ አይደለም፣ አይነካም። ለሴት አለመሸጥ ገበያ መዝጋት ነው። ክብራንን ከጉዞው ማውጣት ደግሞ ወንዶቹን ያለ ጥፋታቸው ይቀጣል። የቀረው ሁለተኛው ሕግ ነው። እሱንም ሙሉ በሙሉ መሰረዝ አያስፈልግም፣ ማላላት ይበቃል፦ ትኬት የቆረጠ ሁሉ እንዲገባ የሚፈቀድለትን ገዳም ያያል። እንደገና ሲፈተሽ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ሕጎቹ ውስጥ የለም፦ አንድ ገዳም ብቻ ያየች ሴት እንደ ወንዱ ሙሉ ዋጋ ትክፈል? ይህን አሎይም አይመልሰውም፤ ደንበኛው ጋ መደወል ነው።