ሲፓፕ ስለጠበቀ አይሠራም፦ የጨቅላዎችን አፍንጫ የሚያቆስሉ ስህተቶች

«ሲስተር፣ ጠበቅ አድርጊው፤ አረፋው ቆሟል!» ይህን ሳልሰማ የምወጣው ፈረቃ የለም። ከአዲስ ነርስ እሰማዋለሁ፣ ከሐኪም እሰማዋለሁ። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከሚባሉት ስህተቶች ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሲፓፕ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አየር ሲያስወጣ ሳንባው እንዳይጨማደድ የሚደግፍ መሣሪያ ነው። አየሩ አፍንጫ ውስጥ በሚገቡ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ይገባል፤ እኛ ፕሮንግ እንላቸዋለን። የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ውስጥ ይነከራል። 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ነው። አረፋው ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ አየር የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው ማለት ነው።

የት ነው የሚያመልጠው? ብዙ ጊዜ ፕሮንጉ አንሶ፣ ፕሮንጉ በማሰሪያ የሚያያዝበት ኮፍያ ሰፍቶ ወይም ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ነው። ማሰሪያ መሳብ አንዱንም አያስተካክልም። ፕሮንጉን ገፍቶ በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ ይጫነዋል። የተጫነ ቦታ ደም አያገኝም። መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል። የጠቆረው ሞቷል።

1,100 ግራም የምትመዝን አንዲት ልጅ አልረሳም። ሌሊቱን አረፋው በቆመ ቁጥር ማሰሪያዋ ሲጠብቅ አድሯል። ጠዋት ፕሮንጉን ሳነሳ ግድግዳው ጠቁሮ አገኘሁት። ፕሮንጉ ለእሷ ትንሽ ነበር። ማሰሪያውን አላልተን በልኳ ጭምብል ስንቀይርላት አረፋው ወዲያው ተመለሰ።

እባካችሁ፣ ፕሮንጉ ቀዳዳውን ይሙላ፤ ግን ዙሪያውን ያለውን ቆዳ አያንጣ። በፕሮንጉና በግድግዳው መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይታያችሁ። ኮፍያው ራሱ ላይ ልክክ ይበል፣ ጆሮ ግን አይታጠፍ።

ሌሎች የምሰማቸው ስህተቶችም አሉ። «ትንሽ ፕሮንግ አይጎዳም።» ይጎዳል። ወዲያ ወዲህ እያለ ቆዳውን ይፈገፍጋል።

«አፍንጫው ላይ መከላከያ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ማየት አያስፈልግም።» ፕላስተሩ ይረዳል፣ ግን ሥሩ ያለውን ቁስልም ይደብቃል። በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ፕሮንጉን ፈታ አድርጋችሁ በደንብ በሚያሳይ ብርሃን እዩ።

«ቫዝሊን ይቀባ።» አይቀባም። ፕሮንጉ ይንሸራተታል፣ ፕላስተሩም አይይዝም።

«ፕላስተር ቶሎ ሲነጨቅ አያምም።» በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን የቆዳው ንብርብር ገና እርስ በርሱ በደንብ አልተያያዘም። ስትነጭቁት ቆዳውም አብሮ ይመጣል። ለብ ባለ ውኃ አርጥቡት፣ በሌላ እጃችሁ ቆዳውን ደገፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት።

«የሕፃን ሥጋ ቶሎ ይሞላል።» ላዩን የተላጠው ይድናል። የሞተው ግድግዳ ግን ተመልሶ አይበቅልም፤ ልጁ አድጎም አፍንጫው ላይ ይታያል።

እናቶች፣ እናንተም «ማሽኑን እንዳልነካ» ብላችሁ ፊታችሁን አታዙሩ። ከእኛ ይበልጥ ያንን ፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። አፍንጫው ቀላ ካለ ወይም ፕሮንጉ ግድግዳውን ከነካ፣ ሌሊትም ቢሆን ጥሩን።