አንጎልና ህብለ ሰረሰር አብረው ሲነቃቁ

ባትሪዋ የሞተ መኪና ገፍታችሁ ካወቃችሁ የዚህ ነገር ግማሹ ገብቷችኋል። ሰው ከኋላ ይገፋል፣ ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ ይጠብቃል። ቶሎ ከለቀቀ መኪናዋ ተንገጫግጣ ትቆማለች። ከዘገየ ገፊዎቹ ይደክማሉ። ልክ በሰዓቱ ከለቀቀው ሞተሩ ይነሳል። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ ማለቴ ነው) በኤሌክትሪክ አብሮ ማነቃቃትም እንደዚሁ ነው፤ ሰዓቱ ነው ወሳኙ።

“እጅህን አንሳ” የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል የላይኛው ሽፋን ይነሳል። አንገት ከመድረሱ በፊት አብዛኛው ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል፤ ግራ አንጎሉን ስትሮክ የመታው ሰው ቀኝ እጁ የሚሰንፈው ለዚህ ነው። ከዚያ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ጋ ይደርሳል። እነሱ ግን የሚሰሙት አንጎልን ብቻ አይደለም። ሐኪም ጉልበታችሁን በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርግ እግራችሁ ፈንጠር የሚለው አንጎል ሳይጠየቅ ነው። ከጡንቻው የተነሳው ወሬ ህብለ ሰረሰር ገብቶ እዚያው ምላሽ አገኘ ማለት ነው።

ከላይ በኩል መነካካት የቆየ ነው። በ1870 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፍሪትሽና ሂትዚግ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በርሊን ውስጥ የውሻ አንጎል በኤሌክትሪክ ነክተው የተቃራኒው ጎን እግር ሲንቀሳቀስ አይተዋል። በ1985 ደግሞ ተመራማሪው አንቶኒ ባርከር እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ላይ ራስ ቅል ሳይከፍት በማግኔት ሠራው። ጭንቅላት ላይ የተያዘው ጥቅልል ሽቦ ጠቅ ሲል፣ 20 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺኛ) ገደማ ቆይቶ ጣት ብድግ ይላል።

ከታች በኩል ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጀርባ ላይ የተቀመጠው ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ጡንቻውን ቀጥታ የሚጎትት ይመስለዋል። በዋናነት የሚነካው ግን ያንን የመዶሻውን መንገድ፣ ወሬ አስገቢዎቹን ነርቮች ነው። እነሱ የጡንቻ አዛዦቹን ነርቮች ያነቃቃሉ። መኪናዋን ከኋላ እንደ መግፋት በሉት።

ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን በአይጥ አጣመሩ። የአንጎሉ ምት ከተሰጠ ከ10 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ አንገት አካባቢ ያለው ህብለ ሰረሰር ሲነካ ሁለቱ መልእክቶች እዚያው ይገናኛሉ፣ የጡንቻው ምላሽም በጣም ይጨምራል። ሰዓቱ ሲዛነፍ ጥቅሙ ይቀንሳል። ደጋግመው ሲያጣምሩት ደግሞ ማነቃቂያው ከቆመ በኋላም ግንኙነቱ ጠንክሮ ይቆያል። ግን ከላይ የሚወርድ ጥቂትም ቢሆን የተረፈ ነርቭ ያስፈልጋል። ጭራሽ ከተበጠሰ የሚገናኝ ነገር የለም።

ዜናው የሚያምታታበት ቦታም እዚህ ነው። በ2023 የስዊዘርላንዱ የሎዛን ቡድን በብስክሌት አደጋ የተጎዳ ሰው አራመደ ሲባል ብዙዎች አንጎሉ የተነካ መሰላቸው። አልተነካም፤ ሐሳቡ ነው የተነበበው። አንጎሉ ላይ የተተከሉት ኤሌክትሮዶች “ልራመድ” የሚለውን ምልክት ያነባሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ግን ህብለ ሰረሰሩ ላይ የተተከለው ሌላ መሣሪያ ነው። የሎዛን ተመራማሪዎች አንጎልን ራሱን ያነቃቁት በ2024 ነው፤ ያውም ረሃብንና ንቃትን በመቆጣጠር የሚታወቀውን የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስን! ጉዳታቸው ከፊል የሆነ ሁለት ሰዎች አካሄዳቸው ተሻሻለ። የብስክሌቱ ሰው ደግሞ ልምምዱን ሲገፋበት ቆይቶ፣ መሣሪያው ሳይበራም በክራንች መራመድ ጀመረ።