ኢሚውን ሴሎች በምን ሲግናል ነው የሚሰሩት፣ ኦቶኢሚውን በሽታስ ከየት ይመጣል

ኢሚውን ሴል፣ ማለትም ሰውነታችንን ከጀርም የሚከላከል ሴል፣ ዝም ብሎ ተነስቶ አያጠቃም፣ ሲግናል ይጠብቃል። ከነዚህ አንዱ የሆነውን ቲ ሴልን ብናይ ላዩ ላይ ያለው ሪሴፕተር (ሲግናል መቀበያ ፕሮቲን) ሌላ ሴል ያቀረበለትን የፕሮቲን ቁራጭ ሲይዝ አንደኛው ሲግናል ገባ ማለት ነው፣ ግን ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ሲዲ28 በሚባለው ሌላ ሪሴፕተሩ በኩል ሁለተኛ ሲግናል ካልመጣለት እንደውም ደንዝዞ ነው የሚቀረው። ሁለቱም ከገቡ ግን እነ ኤልሲኬና ዛፕ-70 የሚባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌት እየለጠፉ መልእክቱን ይቀባበሉታል፣ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ካልሲኒዩሪን ይነቃል፣ እሱም ኤንኤፍኤቲ የሚባለው ፕሮቲን ኒውክለስ እንዲገባ ያደርግና ጂኖች ተከፍተው ሴሉ መባዛት ይጀምራል። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው ኩላሊቱን እንዳያጠቃው የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድሀኒት የሚያግደው እቺኑ ካልሲኒዩሪን ነው።

ኦቶኢሚውን በሽታ ማለት ኢሚውን ሴሎች የራሳችንን ሰውነት ሲያጠቁ ነው። ብዙ ሰው ኦቶኢሚውን ሲባል "ኢሚውኒቲ ደከመ" ይመስለዋል፣ ልክ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ፍሬኑ ጋ ነው። ቲ ሴል ላይ ፍሬን የሚሆኑ ፕሮቲኖች አሉ፣ ሲቲኤልኤ-4 ሲዲ28 የሚይዛቸውን ሞለኪውሎች ቀድሞ እየያዘ ሁለተኛውን ሲግናል ያሳጣዋል፣ ፒዲ-1 ደግሞ ሴሉ ውስጥ የገባውን ሲግናል ያዳክማል። እነዚን ፍሬኖች መልቀቅ ካንሰርን እንደሚያጠቃ ያሳዩት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል ወስደዋል፣ ግን መድሀኒቶቹን ከሚወስዱት ውስጥ የታይሮይድ ወይ የአንጀት ኢንፍላሜሽን (ብግነት) የሚይዛቸው አሉ፣ አልፎ አልፎም ታይፕ 1 ስኳር ይመጣል። ፍሬኑ ምን ይዞልን እንደነበር እንደዚ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ፍሬን ራሱን የቻለ ሴል ነው፣ ሌሎቹን ኢሚውን ሴሎች የሚያረጋጋ፣ ሬጉላቶሪ ቲ ሴል ይባላል። ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 አሳየው፣ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በ2001 ለዚሁ ሴል ወሳኝ የሆነውን ፎክስፒ3 የሚባለውን ጂን አገኙ፣ ሶስቱም በ2025 ኖቤል ተሸለሙ። ይሄ ጂን የተበላሸባቸው ወንድ ህፃናት አይፔክስ የሚባል ከባድ በሽታ ይይዛቸዋል፣ ገና ጨቅላ እያሉ የማያቆም ተቅማጥ፣ የቆዳ ቁስለትና ስኳር አንድ ላይ ይመጣባቸዋል፣ በጣም ያሳዝናል፣ የአንድ ጂን ጉዳይ እኮ ነው!

ከዛ ሳይቶካይኖች አሉ፣ ሴሎች ለሌሎች ሴሎች የሚለቋቸው መልእክቶች። መገጣጠሚያን የሚያጠቃው ሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ቲኤንኤፍና አይኤል-6 የሚባሉት ሳይቶካይኖች፣ ቆዳን የሚያጠቃው ሶራያሲስ ላይ አይኤል-17፣ ብዙ የሰውነት ክፍል የሚያጠቃው ሉፐስ ላይ ኢንተርፌሮን ጎልተው ይታያሉ፣ አንዱን ሳይቶካይን የሚያግድ፣ አንዱ በሽታ ላይ ተአምር የሰራ መድሀኒት ሌላው በሽታ ላይ ምንም የማይሰራው አንድም ለዚ ነው። ብዙዎቹ ሳይቶካይኖች ደግሞ ሴል ውስጥ ጃክ በሚባሉ ኢንዛይሞች ነው የሚያልፉት፣ በ2012 አሜሪካ ውስጥ ለሩማቶይድ የተፈቀደው ቶፋሲቲኒብ እነሱን ያግዳል፣ በአንዴ ብዙ ሲግናል ስለሚቀንስም እንደ አልማዝ ባለጭራ ያሉ ኢንፌክሽኖች ሊቀሰቅስ ይችላል።

አብዛኛው በሽተኛ ጋር ግን እንደ አይፔክስ አንድ ጂን ይዞ እዚ ጋር ነው ማለት አይቻልም። ፒቲፒኤን22 የሚባለው ጂን አንዱ አይነት የቲ ሴልን ሲግናል ይነካካል፣ ለታይፕ 1 ስኳርም ለሩማቶይድም ለሉፐስም ተጋላጭነትን ይጨምራል፣ ሆኖም ይሄ አይነቱ ጂን ኖሯቸው ምንም ሳይሆኑ የሚኖሩ ሞልተዋል፣ ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች እንኳን ብዙ ጊዜ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ይሆናል።