በየአካባቢው ሥራ የሚፈጥሩ አነስተኛ የንግድ ተቋማት እና የሚደገፉባቸው መንገዶች

አነስተኛ የንግድና የምርት ተቋማት ሠራተኞቻቸውን፣ ብዙ ጊዜም ደንበኞቻቸውን፣ ከተመሠረቱበት አካባቢ የሚያገኙ ድርጅቶች ናቸው። የዓለም ባንክ እንደሚገምተው በዓለም ላይ ካሉት የንግድ ተቋማት 90 በመቶ ያህሉ ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው የሥራ ስምሪትም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእነርሱ ዘንድ ይገኛል። መለኪያው ከአገር አገር ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ከ10 ሠራተኞች በታች ያሉት ተቋም ጥቃቅን፣ ከ50 በታች ያሉት አነስተኛ፣ ከ250 በታች ያሉት ደግሞ መካከለኛ ይባላል፤ ከሠራተኛ ቁጥር በተጨማሪም ዓመታዊ ሽያጩ ወይም የሀብቱ መጠን ይታያል።

እነዚህን ተቋማት መደገፍ የመንግሥታት የፖሊሲ ጉዳይ የሆነው ከሥራ ፈጠራ ጋር ስለሚያያዙ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ በርች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት፣ ከ1969 እስከ 1976 ባሉት ዓመታት በአገሩ ከተፈጠረው የተጣራ አዲስ ሥራ (የጠፋው ተቀንሶ ከቀረው) ሁለት ሦስተኛ ያህሉ 20 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ካላቸው ድርጅቶች የመጣ መሆኑን ገለጸ። ይህ ግኝት በብዙ አገሮች የድጋፍ ፕሮግራሞች መነሻ ሆኖ ቢያገለግልም፣ የስሌቱ ዘዴ በኋላ ብርቱ ትችት ቀርቦበታል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሃልቲዋንገር፣ ጃርሚንና ሚራንዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ አጠራው፤ የድርጅቱ ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ በመጠን ትንሽነትና በሥራ ፈጠራ መካከል የነበረው ዝምድና ይጠፋል። አዲስ ሥራ በብዛት የሚፈጥሩት ወጣት ድርጅቶች ናቸው፤ ትንሽ መስለው የሚታዩትም ገና ስለጀመሩ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይዘጋሉ፤ የተረፉት ጥቂቶች ደግሞ በፍጥነት ያድጋሉ። ስለዚህ ድጋፍ የሚሰጥ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ተቋሙ ስንት ሠራተኛ እንዳለው ብቻ ሳይሆን በየትኛው የዕድሜ ደረጃ ላይ እንዳለና ያን ደረጃ ለማለፍ ምን እንደጎደለው ጭምር ነው።

ቀድሞ የሚጠቀሰው ጉድለት ገንዘብ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ስቲግሊትዝና ዋይስ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳብራሩት፣ አበዳሪው የተበዳሪውን ሁኔታ በሚገባ ሳያውቅ ወለድ ቢጨምር ጥንቁቆቹን አርቆ ደፋሮቹን ስለሚስብ፣ ባንኮች ወለድ ከማስወደድ ይልቅ ብድሩን መከልከል ይመርጣሉ። የሒሳብ መዝገብና የሚያስይዘው ንብረት የሌለው ጀማሪ፣ ሥራው አዋጭ ቢሆን እንኳ፣ ከተከለከሉት መካከል ይሆናል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በጀርመን ገጠር እ.ኤ.አ. በ1864 በሄዴስዶርፍ ያቋቋመው የብድር ማኅበር ነው። አባላቱ ለአንዱ ዕዳ ሁሉም በጋራ ኃላፊ ነበሩ፤ የአንድ መንደር ሰዎች ስለሆኑም የእርስ በርስ ትጋታቸውንና ታማኝነታቸውን ከማንኛውም ባንክ በተሻለ ያውቁ ነበር። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 በቶኪዮ የተጀመረው የብድር ዋስትና ማኅበር ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ባንኩ ያበድራል፣ ማኅበሩ ዋስ ይሆናል፣ ተበዳሪው መክፈል ካልቻለም ጉዳቱ በባንኩ ላይ ብቻ አይወድቅም።

በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በሙከራ ተጀምሮ በ1983 ባንክ የሆነው ግራሚን፣ ንብረት ለሌላቸው ሰዎች ትንንሽ ብድር በመስጠት የዓለምን ትኩረት ስቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም ከመሥራቹ ሙሐመድ ዩኑስ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድነት የታተሙ በቦስኒያ፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በሞንጎሊያና በሞሮኮ የተደረጉ ስድስት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አነስተኛ ብድር ለቤተሰቦች የገቢ ምንጫቸውን የመምረጥ ነጻነት ቢሰጥም ሕይወታቸውን ከሥር የሚለውጥ ውጤት አላመጣም። ባለቤቱን ብቻ የሚያሠራ ድርጅት ብድር ቢያገኝ ሌላ ሰው ይቀጥራል ማለት አይደለም፤ ብዙ ፕሮግራሞች ግን ባለቤቱን ብቻ የሚያሠራውንና ሌላ ሰው የሚቀጥረውን ድርጅት ይቀላቅላሉ። ከዚህ የተለየ ውጤት የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 በናይጄሪያ በተጀመረው የንግድ ዕቅድ ውድድር ነው። በአማካይ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል የተሰጣቸው 1,200 አሸናፊዎች ተመረጡ፤ ከፊሎቹ በዕጣ የተለዩ በመሆናቸውም ካልደረሳቸው ጋር ማነጻጸር ተቻለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የማንቀሳቀስ ዕድላቸው ካላገኙት በ20 መቶኛ ነጥብ በላይ ይበልጥ ነበር። ገንዘቡ መቅጠር ለማስቻል የሚበቃ መሆኑ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ሥልጠናም የተለመደ ድጋፍ ነው፤ ውጤቱ ግን በይዘቱ ይወሰናል። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 ጥቃቅን ተቋማትን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በራስ ተነሳሽነት፣ አዲስ ነገር በመሞከርና እንቅፋትን በማለፍ ላይ ያተኮረው ሥልጠና ትርፍን በ30 በመቶ ሲያሳድግ፣ የሒሳብ አያያዝን በመሰሉ ጉዳዮች ላይ ያተኮረው የተለመደው ሥልጠና ግን አስተማማኝ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል።

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚገባው፣ በተግባር ግን ችላ የሚባለው ድጋፍ፣ ከተቋሙ መግዛትና የገዙበትን በወቅቱ መክፈል ነው። ብድር ዕዳ ሆኖ ይመለሳል፤ ቋሚ ገዢ ግን አሠሪው የነገውን ደመወዝ አስቦ ሠራተኛ እንዲቀጥር ያስችለዋል። በዚህ ረገድ ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በዓመት ከሚሰጣቸው ዋና ውሎች ዋጋ ቢያንስ 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል። የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት ተቋማትም ከዓመታዊ ግዥያቸው 25 በመቶውን ከጥቃቅንና አነስተኛ አምራቾች እንዲያገኙ ይጠበቃል። ጨረታው ግን ትልልቅ ሥራዎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ከቀረበ፣ ወይም ከፍተኛ የዋስትና ገንዘብ ከጠየቀ፣ ድርሻው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሥራውን አነስተኛ ተቋም ሊሸከመው በሚችል መጠን መከፋፈል ያስፈልጋል።

ክፍያ ሲዘገይ ጉዳቱ ፈጥኖ የሚደርሰው በሠራተኛው ላይ ነው። ትልቅ ድርጅት ለአቅራቢው የሚከፍለውን ለወራት ሲያቆይ፣ አነስተኛው ተቋም ያለ ወለድ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው፤ ገበያ እያለው፣ ትርፍም እያገኘ፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ይችላል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት በ30 ቀን፣ ድርጅቶች ደግሞ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር በ60 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሕንድ ሕግ ከ45 ቀን በላይ ያዘገየ ገዢ የማዕከላዊ ባንኩን ወለድ ሦስት እጥፍ እንዲከፍል ያስገድዳል። ሆኖም ገዢውን የከሰሰ አቅራቢ ደንበኛውን እንዳያጣ ስለሚፈራ መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። አቅራቢው ራሱ እንዲከስ ሳይጠበቅ ዘግይተው የሚከፍሉትን የሚከታተል የመንግሥት አካል መኖሩ ስለዚህ ተገቢ ነው።

ድጋፍ የራሱ ጉዳትም አለው። በአንድ መንገድ ላይ ካሉ ሁለት ተመሳሳይ ድርጅቶች አንዱ ብቻ ድጎማ ካገኘ፣ እዚያ የተጨመረው ሥራ ከጎረቤቱ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል። በመጠን ላይ የተመሠረተ ሕግም ዕድገትን ሊገታ ይችላል፤ በፈረንሳይ ብዙ ግዴታዎች ከ50 ሠራተኛ ጀምሮ ይጸኑ ስለነበር፣ በ49 ላይ ቆመው የቀሩ ድርጅቶች ቁጥር ጎልቶ ይታይ ነበር። የተፈጠረውን ሥራ ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነው፤ ሥራው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ መኖሩንና ደመወዙ የሚያኖር መሆኑን ማረጋገጥ ግን ይበልጥ ያደክማል፣ ይበልጥም ያስፈልጋል።

ያለውን ሥራ ማቆየትም ከድጋፉ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲያረጅ ወይም ድርጅቱ ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ተረካቢ በመጥፋቱ ብቻ ጤናማ ተቋማት ይፈርሳሉ። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የማርኮራ ሕግ በመባል የሚታወቀው ደንብ፣ ሠራተኞቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ድርጅታቸውን እንዲገዙ የሚያግዝ ገንዘብ ያቀርባል፤ ሊከፈላቸው የሚገባውን የሥራ አጥነት አበል በአንድ ጊዜ ተቀብለው ለመነሻ ካፒታል እንዲያውሉትም የአገሪቱ ሕግ ይፈቅድላቸዋል።